ዓይናማ ወደ ሐይቁ አልተመለሰችም

ሐይቅ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱረያ፣
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ። እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ልጅሽ ኢቲሳምም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ይህን በስልክ የማልነግርሽ እሷ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ደብዳቤውን ወደ ጅዳ የምትመለሰው ጎረቤታችን ፈሂማ ታደርስልሻለች።

እንቁራሪቷ ዓይናማ ሞታለች። ልጅሽ ከክረምት ጀምሮ በሳፋ ውስጥ ጠጠርና ቄጠማ አድርጋ፣ ዝንብ እያደነች ስታኖራት እንደነበር ታውቂያለሽ። ሰውነቷ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ መብላትም ተወች። የእንስሳት ሐኪሙን ሙዓዝን አስጠራሁ።

«እትዬ ሀውራ፣ እኔ የተማርኩት ስለ ላም ነው» ብሎ ሳቀ።

«ላምስ ስትታመም ትስቃለህ?» አልኩት።

ሳቁን ትቶ አያት። አትድንም፤ ከፈለጉ በማደንዘዣ አስተኝቼ ላሳርፋት አለኝ። እንቁራሪት መግደል በሐዲስ የተከለከለ ነው፤ አንቺንም አስተምሬሻለሁ። ስታጣጥር ማየትም አልቻልኩም። ሸህ ዑበይዱላህን ብጠይቃቸው፣ «አይግደሏት፤ ስትሰቃይም ዝም ብለው አይዩዋት» አሉኝ። ስለዚህ ሙዓዝ ሕመሙን ብቻ የሚያስታግስ ጠብታ ሰጣት። ቀሪውን ለአላህ ተውነው።

አንቺ ግን ምን አልሽኝ? «እማ፣ ሐይቁ ዳር ጣያትና ድና ሄደች በያት። ለእንቁራሪት ይህን ያህል?» አላደርገውም ብልሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። በማግስቱ ለልጅሽ ደውለሽ፣ «ዓይናማ ድና ወደ ሐይቁ ተመለሰች፤ እማማ ናት ያደረሰቻት» አልሻት።

ሱረያ፣ ያን ጊዜ እንቁራሪቷ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልላ ልጅሽ ጭን ላይ ነበረች።

ልጅሽ ስልኩን አየች፤ እንቁራሪቷን አየች። «እሺ እማዬ» አለችሽ። አንቺም ያመነችሽ መስሎሽ ሳቅሽ።

ዓርብ ጧት ዓይናማ እጇ ላይ ሞተች። ከሎሚው ሥር ቀበርናት። ልጅሽ አላለቀሰችም። አፈሩን እየመለሰች፣ «እማማ፣ ለአረፋ እመጣለሁ የምትለውም እንደዚህ ነው?» አለችኝ። ባለፈው አረፋ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከደሴ የሚመጣውን ሚኒባስ ሁሉ እያየች መንገድ ዳር መዋሏን ነግሬሽ ነበር። ምን ብዬ ልመልስላት?

በስልክ መልእክትሽ አማርኛውን ስታበላሺው ታግሻለሁ። ይህን ግን አልታገስም። የማትመጪ ከሆነ አልመጣም በያት። ታለቅሳለች፤ ከዚያ ይወጣላታል።

አንድ ነገር ይቀራል። ስትደውዪ ከኋላሽ የሚያለቅስ ሕፃን እንደምትሰማ ነግራኛለች። «የማን ነው?» ብትለኝ «እናትሽን ጠይቂያት» አልኳት። ትጠይቅሻለች። «የአሠሪዬ ነው» ትያት ይሆናል፤ ለእኔም ያልሽኝ ይህንኑ ነው። እሹሩሩ እያለ የሚያባብለው ወንድ ግን አነጋገሩ የእኛው የወሎ ሰው ነው።

አላህ በሰው አገር ይጠብቅሽ። ምላስሽን ያቅናልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

እናትሽ ሀውራ