ሰገነቱ ይችላል

ጥቅምት 4
ዝናብ። ዳቦ ገዛሁ። ከቴአትር ቤቱ ጀርባ ባለው ቅያስ ሳልፍ የሰገነታችን በር በሰንሰለት ታስሯል። «ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል» ይላል ወረቀቱ፤ ከንቲባ ብራንዶኒ ፈርሞበታል። አምና ዘፋኙን የእህቱን ልጅ ከላይ ሆነን አፏጭተን ከመድረክ አስወረድነው... ከዚያ ወዲህ ደኅንነታችን እንቅልፍ ነስቶታል።

ጥቅምት 5
ቴአትር ቤቱን ያሠሩት ባለመሬቶች ናቸው። አዳራሹን እንደ ፈረስ ኮቴ አጎበጡት፣ ለየቤተሰባቸው የግል መመልከቻ ክፍል ደረደሩ፣ ሸምበቆ ላይ በተለሰነው ጣሪያ መላእክት አሳሉ። እኛን ከመላእክቱ ሥር፣ ሰገነቱ እንጨት አግዳሚ ላይ ሰቀሉን። ፊታችንን እንዳያዩም ደረጃችንን በጓሮ አደረጉት። አንድ ነገር ዘነጉ፤ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት መቶ ዓመት ምርጡን የሰማነው እኛ ነን። ይህን ለብራንዶኒ ላስረክብ?

ጥቅምት 7
ከዳቦ ጋጋሪዋ ከኦርቴንሲያ ጋር ከንቲባው ዘንድ ሄድን።
«ሰገነቱ አርጅቷል፣ መምህር።»
«አንተስ? ማን በሰንሰለት አሰረህ?» አለችው። አብሮ አደጓ ነው።
ሕጉ ክብደት ተጭኖበት ይፈተን ይላል። ማዘጋጃ ቤቱ ግን የሚጭነው የለውም... እስከ ከርሞ። ወይም እስከ ከርሞ በስቲያ።
ስንወጣ ኦርቴንሲያ፦ «ምድር ቤትህ ስንት ዳምጃን ወይን አለ?»

ጥቅምት 15
ወገቤ! የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለፈተናው የሚጫነውን ወይን በትልልቅ ዳምጃን ተሸክሞ በጓሮው ደረጃ ወጣ። ከአውራጃው የመጣችው መሐንዲስ ሎሬዳና እየመዘነች አስደረደረችን። ወይኑ ሰገነቱ ሞልቶ ከሚይዘው ሰው ይልቅ ይከብዳል። አግዳሚዎቹ ሲጢጥ አሉ።
«ከሥር ማንም እንዳይቆም!»
ኦርቴንሲያ ወንበር ስባ ከሥሩ ተቀመጠች።
«ሴትዮ፣ ውጪ!»
«በዚህ ቤት የባሰ ወርዶብኛል፣ ልጄ። የእህቱን ልጅ ሰምቻለሁ።»
ለሁለት ጎትተን አወጣናት። ዳምጃኖቹ እዚያው ያድራሉ።

ጥቅምት 16
ሎሬዳና መለኪያዋን አየች። ሰገነቱ ትንሽ ጎብጧል። ወይኑ ሲወርድለት ቀና አለ። እኔ ገና ነኝ።
«ይችላል» ብላ ፈረመች።
ከወጣው ወይን የወረደው ያንሳል። ማንም አልጠየቀም።

ኅዳር 26
የቴአትር ቤቱ የዘንድሮ መክፈቻ። በጓሮው ደረጃ ገባን፣ ሰንሰለቱ የለም። የእህቱ ልጅ የመጀመሪያውን ዘፈን... ምን ይደረግ፣ በደንብ ዘፈነ። አጨበጨብን። ብራንዶኒ ከታች አንገቱን ቀና አድርጎ ፊታችንን አየ፤ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም።
በሁለተኛው ዘፈን የልጁ ድምፅ ተሰነጠቀ።
ኦርቴንሲያ አየችኝ። አየኋት።
አፏጨን። ሰገነቱ ቻለው።