ቀይ ጠብታ በብሎን ላይ

ውድ የልጄ ልጅ፣

ለሰርግሽ ምርቃት ላክልኝ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ያውም «አደራ አባባ፣ ቀልድ የሌለበት ይሁን» ብለሽ። እሺ፣ ይኸው ቀልድ የሌለበት። ብቻ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

መለሎን መቼም አልረሳሽውም፤ የቀድሞ እጮኛሽን። ሁለታችሁ ሳሎኔን ወርራችሁ፣ እንደ አንጎል የሚሠራ ቺፕ የተገጠመባቸው ሁለት ቦርዶች ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታችሁ፣ የሕፃናትን የልብ ትርታ ሰምቶ ጤነኛውን ከታመመው የሚለይ ነገር ስትሠሩ፣ የእንጨት ሳጥኖቹን የሠራሁላችሁ እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ሬዲዮ የጠገነ እጅ አርፎ አይቀመጥም።

አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«አንተ መለሎ፣ ሁለቱ ቦርዶች መንትዮች አይደሉ? ሰባት ወር ሙሉ አንዱ ላይ ብቻ የምታፈጥጠው ለምንድን ነው?»

«መልካቸው ነው እንጂ አባባ፣ አመላቸው ይለያያል። እዚህ ውስጥ ካሉት ሰው ሠራሽ ነርቮች አንዱ ችኩል ነው፣ አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ ጭራሽ የሞተ። የእያንዳንዱን አመል አጥንቼ ነው ቁጥር የምሰጠው። የዚህን ቦርድ ቁጥር በዚያኛው ላይ መጫን የሰው መነጽር እንደ ማድረግ ነው።»

«ታዲያ ቢቀያየሩብህ በምን ታውቃለህ?»

ሳቀ። «ይተዉት አባባ፣ አይገባዎትም።»

አንቺም ሳቅሽ። የእሱስ ይሁን፤ ያንቺ ሳቅ ነው የቆጠቆጠኝ።

የሠርቶ ማሳያው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ወረቀት ልታሳትሙ ወጣችሁ። እኔም የሳጥኖቹን ብሎኖች ፈታሁ፣ ቦርዶቹን አቀያየርኩ፣ መልሼ አሰርኩ። ስትመለሱ ትሞክሩታላችሁ፣ እሱ ግራ ሲገባው «ገባኝ ወይስ አልገባኝም?» ብዬ እስቅበታለሁ ብዬ ነበር። እናንተ ግን ጠዋት መጥታችሁ ዋናውን ሳጥን ብድግ አድርጋችሁ ሄዳችሁ። በመስኮት አየኋችሁ። አንድ ጊዜ መጣራት ይበቃኝ ነበር። አልተጣራሁም።

የሆነውን ታውቂዋለሽ። የሌላው ቦርድ ቁጥር ተጭኖበት፣ ማሽኑ በሐኪሞቹ ፊት ጤነኛውን ሕፃን ታሟል አለ፣ የታመመውን ጤነኛ ነው አለ፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም። «መለሎ የሰባት ወሩን ውጤት ከራሱ ፈጥሮ ነው የጻፈው» ተባለ። መጀመሪያ ያልሽውም አንቺ ነሽ፤ በሰው ፊት፣ ቀለበትሽን አውልቀሽ።

በማግስቱ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሳጥኑን ይዞ መጣ።

«አባባ፣ ሳጥኖቹን የነካ ሰው አለ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? አይገባዎትም ብለኸኝ የለ?»

ሳጥኑን አገላብጦ አየው። እኔንም አየኝ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። እንደዚያ ስሙ ጠፍቶ ማን ቤተ ሙከራ ያስገባዋል? ከመንገዳችን ማዶ ማቀዝቀዣ ይጠግናል። ባለፈው ሳምንት የእኔው ተበላሽቶ አስጠራሁት። የሰርግ ጥሪሽ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አየው፣ ሥራውን ቀጠለ። ሲጨርስ ከኪሱ ጠርሙስ አውጥቶ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀይ ቀለም አደረገ።

ክው አልኩ። ጠግኜ የዘጋሁትን ሌላ ሰው እንዳይከፍትብኝ አርባ ዓመት ምልክት ያደረግሁት በዚያው ቀለም ነው። ለካ ያን ቀንም እጄ ለምዶብኝ የሳጥኖቻችሁን ብሎኖች ቀብቻቸው ኖሯል! እሱ በየቀኑ የሚከፍታቸው፣ ቀለም የሚባል ነክቷቸው የማያውቅ ብሎኖች።

«ያኔውኑ አይተኸዋል?» አልኩት።

«በማግስቱ እዚህ ሳጥኑን ሳገላብጠው።»

«ታዲያ ምነው አልነገርካት?»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀና ሳይል፣ «አልዋሸሁም ብዬ ነግሬያት ነበር እኮ አባባ» አለኝ። «እኔን ያላመነች ልጅ ብሎን አይታ ብታምን ምን ያደርግልኛል?»

ይኸውልሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ብቻ መስሎኝ ሲከነክነኝ ኖሬያለሁ። ለካ ተካፍለነዋል፤ ቀልዱ የእኔ ነው፣ ፍርዱ ያንቺ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፌ እንዴት ያለ ጥሩ ሆነ መሰለሽ! ተራው ያንቺ ነው።

ሳጥኖቹ ጓዳ ውስጥ አሉ። ቦርዶቹን ወደየቦታቸው መልሰሽ የእሱን ቁጥሮች ጫኚና እዪ፤ ይሠራል። እሱ ጋ ግን ይህን ማስረጃ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ አይፈልገውም።

ምርቃቴን ደግሞ ተቀበይ፦ አዲሱ ባልሽ እውነት ሲነግርሽ፣ ብሎን ሳትፈትሺ የምታምኚ ያድርግሽ። አሜን በዪ።

አይገባውም የተባለው አያትሽ