ጓሯችን ውስጥ ያለችው ላሊበላ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፱

ዶሮዋ ዛሬም የጎንደር ግንብ ውስጥ እንቁላል ጣለች። ባሌ ደምሴ አልሳቀም። ጭቃ በጭድ እያቦካ ግንቡን ሲያበጅ፣ የአክሱምን ሐውልት ሲያቆም ከረመ። ዛሬ ደግሞ ጓሮውን ቆፍሮ ቤተ ጊዮርጊስን ጉድጓዷ ውስጥ ጨረሰ። ቁመቷ እስከ ወገቤ ቢሆን ነው። የላስታ ልጅ ነውና አንድም ነገር አልረሳም።

ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው።

ጠራኝና "ይኸው ላሊበላ። አስካለን አዝለሽ ዙሪና ስለትሽን አድርሺ" አለኝ። አምና ልጄ በንዳድ ስትቃጠል፣ ከዳነችልኝ አዝዬ ላሊበላ አደርሳታለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ዳነች። እሱ ግን አይሆንም አለ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሽፍታ አለ፣ ይላል። ጭቃ ዞሬ ስለት ላደርስ? ጉድ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲

አስካለ ማሳል ጀመረች። ደነገጥኩ፤ አዝያት ቤተ ጊዮርጊስን ሦስቴ ዞርኩ። ሳሏ ያው። በስለቴ የቀለድኩ መሰለኝ፣ ይበልጥ ፈራሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፩

ቅቤ የምታመጣልኝ የሃዲያ ሴት ጓሮ ገብታ አየች። የማን አገር ነው ብትለኝ የባለቤቴ አልኳት። ከናፈቀው ለምን አይሄድም አለችኝ። እውነትም፣ እዚህ ሆሳዕና ከተማ ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አገሬ ልሂድ ብሎ አያውቅም።

ለነገ፦ ማርና ጤና አዳም ለአስካለ። የነፍስ አባታችንን ማስጠራት። ያቺን ዶሮ ማሰር።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፫

አባ መጡ። ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን ብዙ አዩ። ታቦት የሌለበት ጭቃ ነው፣ ስለቱ አልደረሰም አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ ልጅቷ ሳትበረታ መንገድ እንዳትወጪ፣ ላሊበላ የትም አይሄድም አሉኝ። ደምሴን ለምን እንደሚከለክለኝ ጠየቁት። መሬት መሬት እያየ ዝም። ንድድ አልኩ። የነፍስ አባቱን አቁሞ እንዴት ዝም ይላል ሰው?

እሑድ፣ ጥቅምት ፲፭

ሳሏ ላላ ብሏል፤ ተመስገን። ከቅዳሴ ስመለስ አባትና ልጅ ጓሮ ነበሩ። አስካለ እየዞረች ይሄስ ምንድነው ትለዋለች። ከጉድጓዱ ወዲህ ጥቂት ጠጠር ተከምሯል። እኔ የእሷ መጫወቻ መስሎኝ ነበር።

"ይቺስ የማን ቤት ናት?" አለችው።

"የአጎትሽ።"

አጎት እንደነበራት ዛሬ ሰማሁ። ከላስታ ሲወርዱ ደምሴ ታናሽ ወንድሙን አዝሎት ነበር። ንዳድ ያዘው፤ ጀርባው ላይ ሞተ። አብረውት የነበሩት መንገደኞች እየራቁበት ስለነበር መንገድ ዳር ቀበረው፣ ድንጋይ ከመረበት፣ ፍትሐት እንኳ ሳይደረግለት ጥሎት ሄደ።

"አዝዬ ስትዪ ነው የሚያስፈራኝ" አለኝ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ግትር ነው እያልኩ ነበር። አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩ።

ልጅቷ ከበረታች ለከርሞ አብረን እንሄዳለን አለ። በበቅሎ እንጂ በጀርባ አይሆንም፤ መቃብሩ ዘንድም ቄስ ይዘን እንቆማለን። ቦታውን ያገኘው እንደሁ እንጃ፤ እሱም አያውቅም።

ስለቴ ግን አዝዬ ነው። እስከ መቃብሩ በበቅሎ ትሂድ፤ ከዚያ ወዲያ አዝላታለሁ አልኩት። እንቢ አላለም።