ሰላምታ የበላው ፍሪሲዮን

ደብረ ታቦር
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶስና አድማሱ፤

ሙቀቱና የሰው ቤት ሥራ ጤናሽን እንዳልነካው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። አንቺን ዳግም ያሰደደሽ የእናትሽ ዓይን ከሕክምናው በኋላ ድኗል፤ መርፌ ውስጥ ክር ራሷ ታስገባለች፤ እኔንም ከሩቅ እያየች ትቆጣኛለች። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ነበር። በስልክ ግን አንድ ነጥብ ሳልጨርስ ወይ ኔትወርኩ ይቆረጣል ወይ እናትሽ ትነጥቀኛለች። የጎረቤታችን ልጅ ከእረፍቷ ወደዚያው ስለምትመለስ ይህን ደብዳቤ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

ባለፈው እሑድ አንድ ጥያቄ ጠየቅሽኝ። "አባዬ፣ የሚኒባሷ ፍሪሲዮን ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ቁርጡን ንገረኝ። መኪናዋ እንዲህ የምትቆም ከሆነ ለሌላ ሁለት ዓመት እፈርማለሁ" አልሽኝ። አሠሪዎችሽ ውሉን የሚጠብቁሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ስለሆነ መልሱን በግምት መስጠት አልፈለግሁም። አጠናሁት። ጽሕፈቴ ዛሬ ከወትሮው ከወፈረ ተናድጄ ብዕሩን ስለምጫን ነው።

መጀመሪያ ቀጥተኛ መልስ ፍለጋ ወጣሁ። መካኒኩ ዋልልኝ "እግዜር እስከፈቀደ" አለኝ። መለዋወጫ የምትሸጠው ዙለይካ ሦስት ካርቶን ፊቴ ደረደረች፤ ኦሪጂናሉም፣ ኮፒውም፣ ከወደቀ መኪና የተፈታውም ሁሉም ዕድሜ ልክ ነው የሚሠራ አለችኝ። የማን ዕድሜ እንደሆነ ብጠይቃት "የአንቱ ነዋ፣ መምህር" ብላ ሣቀች። በእኔ ዕድሜ ይህ ዋስትና አይደለም። መኪናዋን የሚነዳው ኤርምያስ ደግሞ "እስከ ዛሬ ቆይቷል" አለኝ። ፊዚክስ በማስተምርበት ዘመን እንዲህ ብሎ ለጻፈ ተማሪ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ስለዚህ ወደ ራሴ ዘዴ ተመለስሁ። ሚኒባሷ በአንቺ እጅ አራት ዓመት ስትሠራ ፍሪሲዮኗ አንድ ቀን አልተነካም። ለአጎትሽ ልጅ ለኤርምያስ ትተሽለት ከሄድሽ ወዲህ አንዱ አምስት ወር ሳይሞላው ሌላው ይከተላል። መኪናዋ ያችው፣ መንገዱም ያው የጋሳይ መንገድ ነው። ልጁ አይጠጣም፣ አይበርም። ከጉና በኩል ድንች ደርቦ ይጭንባታል ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ አይጭንም። እንግዲህ የቀረው እግሩ ነው። እግሩን ለማየት መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ጠዋት ጋቢና ገብቼ ተቀመጥሁ።

ገና ከከተማ እንደወጣን ዳገቱ ላይ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ኤርምያስ ቆቡን አወለቀ፣ በመስኮት ራሱን አወጣ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ገብሱ መጠየቅ ጀመረ። ግራ እግሩን ሳየው ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጦታል። በቀኙ ነዳጅ እየሰጠ መኪናዋን ዳገቱ ላይ አንጠልጥሏታል፤ አትሄድም፣ አትወርድም። ሽማግሌው ስለ ጉልበታቸው አንድ በአንድ ነገሩት። ቀጥሎ ሌላ አገኘን፤ እንደዚያው ሆነ።

"የእጅ ፍሬኑን ለምን አትይዝም?" አልሁት።

"እሱን ከያዝሁማ ቆምሁ ማለት ነው፣ ጋሼ።"

"ቁም እንጂ።"

"ከቆምሁ መውረድ አለብኝ። ሽማግሌ በእግሩ ቆሞ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ላወራው ነው? እንዲህ ሲሆን ግን እየሄድሁ ስለሆነ ማንም አይቀየመኝም።"

"አልሄድህም። ቆመሃል።"

"መኪናዋ ትንቀጠቀጥ የለ? መንገደኛ መሆኔ ይታያል።"

ማታ ቤት ስንገባ በከሰል ግድግዳው ላይ ሥዬ አስረዳሁት። ፍሪሲዮን ማለት አንዱ ከሞተሩ፣ አንዱ ከማርሹ በኩል ያሉ ሁለት ክብ ነገሮች ናቸው፤ ሲያያዙ ጉልበት ያልፋል፣ ሲለያዩ ያርፋሉ። የሚያልቁት ሳይያያዙም ሳይለያዩም ሲፋተጉ ነው አልሁት። ተረዳኝ። በቃሉም ደገመልኝ። እናትሽ ስለ ግድግዳዋ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

በማግስቱ አብሬው ወጣሁ። መጀመሪያ ያገኘነው ሽማግሌ ዘንድ የእጅ ፍሬኑን ይዞ፣ ወርዶ፣ ትከሻ ስሞ ተመለሰ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ከዚያ ትልቁ ዳገት ላይ የነፍስ አባታችን መምሬ ይሻው መስቀላቸውን ይዘው ከፊታችን ብቅ አሉ። ኤርምያስ አቀዘቀዘ። "የእጅ ፍሬን" ልለው አፌን ስከፍት ጸሎቱን ጀመሩ። በጸሎት መካከል ማን ይናገራል? ተሳለምሁ፤ ኤርምያስ ተሳለመ። ከኋላ ያሉት ደግሞ ለምን ይቅርብን ብለው እየተንጠራሩ መጡ፤ መምሬም ክንዳቸውን በመስኮት አስገብተው ለሁሉም አደረሱ። ሚኒባሷ ሙሉ ነበረች። ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ ተንጠልጥላለች፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ የኤርምያስን ግራ ጉልበት እያየሁ ነው። ጭሱ ሲነሣ ከኋላ አንዷ ሴት "መምሬ ጥናም ይዘዋል እንዴ?" አለች።

"መንገዳችሁን ያቅናላችሁ" ብለው ጨረሱ። ኤርምያስ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ወደኋላ መንሸራተት ጀመረች። የእጅ ፍሬኑን የያዘው ያን ጊዜ ነው።

ሁላችንም በእግራችን ተመለስን። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አያ ጌጡ ነበር። አንቺ በምትነጂበት ዘመን በየሳምንቱ እየመጣ ልጅህ ጡሩንባ ነፍታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፈኛለች፣ ዐረብ አገር ሰላምታ አስረሳት ብሎ ይከስሽ የነበረው ጌጡ ነው። ዱላውን እየተመረኮዘ ደረሰብኝና "አድማሱ፣ ያቺ የማትቆመው ልጅህ መቼ ነው የምትመጣው?" አለኝ።

ዋልልኝ ፈትቶ አሳየኝ። ዲስኩ ሚስማሩ እስኪወጣ አልቋል፤ የሚጫነው ብረት ከሙቀቱ የተነሣ ሰማያዊ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ ኩሽኔታው ይጮኻል። ዋልልኝ የዲስኩን ልባስ ብቻ ቀይረን እንመልሰው አለኝ። ሁለት ጊዜ የተደረገው ይኸው ነበር፤ የተሰነጠቀ ብረት አዲሱን ልባስ መልሶ ይበላዋል። ሦስቱም አንድ ላይ ይቀየራሉ፤ የሞተሩ ክብ ብረትም ፊቱ ይስተካከላል ብዬ ወሰንሁ። አሮጌውን ዲስክ ይዤ ዙለይካ ዘንድ ሄድሁ። ስፋቱን በማስመሪያ ለካሁ፣ መሐሉ ላይ ያሉትን ጥርሶች ቆጠርሁ፣ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር አስተያየሁ። የኮፒው ቁጥር ካርቶኑ ላይ እንጂ ብረቱ ላይ የለም። ዙለይካ ትዕግሥቷ አልቆ "መምህር፣ ዕቃ ሊገዙ ነው ወይስ ልጅ ሊድሩ?" አለችኝ። ሁለቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል አልኋት። ኦሪጂናሉን ገዛሁ።

ይህ ዕቃ አሁን ቁምሳጥን ላይ ነው፤ ካርቶኑ አልተከፈተም። አይገጠምም ብያለሁ። ኤርምያስ ከእንግዲህ ለሁሉም እወርዳለሁ ብሎ ምሎልኛል፤ አምነዋለሁም። ነገር ግን መስቀል በመስኮት ሲገባ እሱም እኔም ምንም ማድረግ እንደማንችል አይቻለሁ። ለጊዜው የሰው ባጃጅ ይዟል፤ አኩርፎኛል። ለእሱም ያሰብሁለት አለ። ሌላ ሰው መሪውን ከያዘ እሱ ረዳት ይሁን። ረዳት በር ላይ ቆሞ ነው የሚሄድ፤ ስለዚህ ማንም ተቀምጦ ሰላም አለኝ አይለውም። ሰላምታውን እሱ ያድርስ፣ መኪናዋ ትሂድ።

እንግዲህ የጠየቅሽኝ መልስ ይኸውልሽ። በኤርምያስ እግር አምስት ወር፤ በአንቺ እግር አራት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ለሁለት ዓመት ብትፈርሚ የምትሠሪው ለፍሪሲዮን ነው። ሌላ ስሌት አላገኘሁም፤ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።

እናትሽ አሁን መጥታ ወረቀቶቹን አየቻቸው። "ይህ ሁሉ ምንድን ነው? ነይ በላት" አለችኝ። እኔ የተጠየቅሁት ስለ ፍሪሲዮን ነው አልኋት። ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

እመቤታችን በሰው አገር ከክፉ ትሰውርሽ፤ የሚያዝዙሽን ልባቸውን ታራራልሽ። ወጥተሽ ከመግባት አታጉድልሽ።

አባትሽ
አድማሱ