ጭንብሉ መንጠቆው ላይ ነበር

ሐሙስ ጠዋት

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት አደርክ? እርጥብ ፎጣህን እንደ ልማድህ አልጋዬ ላይ ጥለኸው ሄደሃል። ሲመጣ እጣላዋለሁ ብዬ እንዳለ ትቼዋለሁ። ትናንት ቀብረንህ ተመለስን፤ እኔ ግን አሁንም እጣላዋለሁ እያልኩ ነው። ነፍስ ይማር ማለት ገና አልቻልኩም።

ሰዉ ሲበተን አለቃህ አስቀርቶኝ የሆነውን ነገረኝ። ከጉድጓዱ ነዳጁ አልወጣ ስላለ ከሥር ያለውን የኖራ ድንጋይ እንዲበላው አሲድ አውርዳችሁበታል። እሱንማ አውቃለሁ፤ ጠመኔ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርገህ ሲፈላ አሳይተኸኛል። «ድንጋዩም እንዲህ እየተበላ ለነዳጁ መንገድ ይለቃል» ብለኸኛል። አብሮት ስለሚወጣው ጋዝም ነግረኸኛል፤ መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን አፍንጫ ያደነዝዛል፣ ከዚያ ይገድላል።

ድንቡሼ የምትለው አዲሱ ባልደረባህ፣ ከጉድጓዱ የሚመለሰው አሲድ የሚጠራቀምበትን ታንክ ከፍቶ ሲያጎነብስ ጋዙ ጣለው። አንተ ሮጥክ። ጎትተህ ንጹሕ አየር ያለበት አደረስከውና አንተ ወደቅክ። የጋዝ መከላከያ ጭንብልህ መንጠቆው ላይ ነበር።

«የማን ጭንብል?» አልኩት አለቃህን።

«የሱ።»

«የኔ ወንድም?»

«አዎ፣ ልጄ።»

እንዴት ሆኖ? አዳዲሶቹን የምታስተምረው አንተ! ወጥ ቤት ቆመን «ጓደኛህ ቢወድቅ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ስትለኝ፣ «አነሳዋለሁ» ስልህ፣ «በቃ፣ ሁለት ሬሳ! መጀመሪያ ጭንብልህን፣ አንተ ደንቆሮ» ብለህ በማንኪያ አናቴን ያልከኝ አንተ!

ዛሬ ብቻዬን ነቃሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ለበስኩ። በሩ ተንኳኳ። ድንቡሼ ነው።

«ክፈትልኝ፣ ወንድሜ።»

«ሂድ!»

«እሺ» አለ፤ አልሄደም። ሲያስል ይሰማኛል።

በሩን ሳልከፍት «ለምንድን ነው ጭንብሉን ያላደረገው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለ። «አንዴ ብቻ ዓይኔን ስገልጥ አየሁት። ‹ተነሳ አንተ ከባድ፣ ወገቤን ቆረጥከኝ እኮ› እያለ ይጎትተኛል።»

የአንተው ድምፅ ነው። ብጠላው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሳሉን ስሰማ ግን አላስቻለኝም። ከፈትኩለት። ወንበርህ ላይ አላስቀመጥኩትም፤ የኔን ሰጠሁት። ከዚያ ፊቱ ቆሜ፣ አንተ ያተረፍከው ሰው ሲተነፍስ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ።

ታናሽህ