ለዝዋይ የሚሄደው ግልባጭ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሳጥኑ መጣ! የሳሙና ካርቶን ነው፤ ቀይ ወረቀት አልብሰውት አናቱን በቢላ ሰንጥቀውታል። አለቃችን ጓድ ተክሉ ስብሰባ ጠርተው፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ወጪ የሚቀንስ አንድ ሐሳብ ጽፎ፣ ስሙን አስፍሮ፣ እስከ ዓርብ ይክተት አሉ። በየቀኑ እያወጣሁ በታይፕ የምመታው እኔ ነኝ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ሐሳብ ስመታ ኖርኩ። «አስካለ፣ አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ዛሬ በትእዛዝ አስቢ ተባልኩ! ከቢሮ እስከ ቤት ብቻዬን ስስቅ መጣሁ። የጋሪ ፈረስ ሳይቀር ዞር ብሎ ያየኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

እስካሁን የገቡት፦
በምሳ ሰዓት አምፖል ይጥፋ።
ያገለገለ ፖስታ ተገልብጦ ይሠራበት።
ስብሰባ ይቀንስ። (ይኼኛው ስም የለውም። ብልጥ!)

የኔስ? ከጠዋት ጀምሮ ሳስብ ዋልኩ፤ ምንም የለም። ከሰዓት በኋላ አንድ ደብዳቤ ስመታ ጣቶቼ እንደ ልማዳቸው ከታች «ግልባጭ፦ ለዝዋይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት» ብለው ጨረሱ። እዚያ ላይ ክው አልኩ። የዝዋይ ቅርንጫፍ የታለና? ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆነው እኮ! ሠራተኞቹ ወደኛ ተዛውረዋል። የዚያ ቅርንጫፍ መዝገብ ቤት የነበረችው ብርቄ ከኋላዬ ተቀምጣ ክር ትቋጫለች። ከበስተጀርባዬ ላለች ሴት ደብዳቤ የምልከው ዝዋይ ድረስ ነው ማለት ነው፤ ያውም በየሐሙሱ፣ በላንድሮቨር!

እዚያ የቀሩት ጥበቃው አባ ሂርጶ ብቻ ናቸው። በመሠረተ ትምህርት ስማቸውን መጻፍ ከተማሩ ወዲህ መፈረም አይሰለቻቸውም። ፈርመው ይቀበላሉ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከታሉ፣ ይቆልፋሉ። ባዶ ቤት ይጠብቃሉ።

ሐሳቤን አገኘሁት። ደስታዬ ግን ቤት እስክደርስ እንኳ አልቆየም። ያንን መስመር ሦስት ዓመት ስመታ የኖርኩት ማን ነኝ? እኔው። ዛሬ ደግሞ ትንሽ ስሕተት ሲያይ አሻጥር የሚል ሰው አይጠፋም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ለብርቄ ነገርኳት። የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር።

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ብቻ ነሽ የማታውቂው። የሐሙሱ ዓሣ ከየት የሚመጣ መሰለሽ?»

እውነትም! ሾፌራችን ጋሽ ደገፋ ሐሙስ ማታ ከዝዋይ ሲመለስ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በሐረግ ሰክቶ ለያንዳንዳችን ያድላል። ከሐይቁ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ቅርንጫፉ ተዘግቶ ሳለ ለምን ዝዋይ እንደሚሄድ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እየጠበስኩ እበላለሁ እንጂ!

«ሴትዮ፣ ዓሣውን ብታስቀሪብን ቢሮው በሙሉ ያኮርፍሻል» አለችኝ ብርቄ። ቀጥላ ግን ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «ዓሣውስ ይቅር። የጋሽ ደገፋ እናት እኮ ዝዋይ ናቸው። አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። የሚያያቸው በሐሙስ ብቻ ነው።»

አሁን ምን ይሁን? የአምፖሉን ሐሳብ ሌላ ሰው ባይወስደው ኖሮ እሱን ጽፌ እገላገል ነበር። አሁን ሌላ ሐሳብ የለኝም፤ ያለኝ ይኼው ነው፣ እሱም እውነት ነው። እውነቱ ግን አንድን ሰው ከእናቱ የሚያቆራርጥ ከሆነስ? ባዶ ወረቀት ልክተት? በአሥራ ስምንት ዓመት አንዴ ቢጠይቁኝ ባዶ ወረቀት?

አንድ ነገር ቆርጫለሁ። ሳጥኑ ከመስማቱ በፊት ጋሽ ደገፋ ይስማ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

ላንድሮቨሯ ስትገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሁሉም ዓሣውን ተቀብሎ እስኪወጣ ቆየሁ።

«አካም ኦልቴ፣ አስካልዬ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝና ሁለት ቆሮሶ ዘረጋልኝ። እጄን ሰብስቤ ቆምኩ።

«ጋሽ ደገፋ፣ መጀመሪያ ስማኝ» አልኩና ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ስለ እናቱ የሰማሁትንም አልደበቅኩትም።

የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «መቂ ኬላ ላይ አንድ አዲስ ወታደር አለ። በየሐሙሱ ‹ወዴት?› ይለኛል፤ ‹ዝዋይ ቅርንጫፍ› እለዋለሁ። ዛሬ ‹የቱ ቅርንጫፍ?› አለኝ። ደብዳቤውን አሳይቼ በጭንቅ አለፍኩ። ከእናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬም የማስበው ያንን ወታደር ነው። ጻፊው እቴ። ቅዳሜ ከሰዓት በአውቶቡስ ሄጄ እሑድ እመለሳለሁ። አልጋ ከያዘች ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ አብሬያት አድሬ አላውቅም እኮ።»

ዓሣውን ተቀበልኩት። ጠበስኩት። ጣፈጠኝ ደግሞ፣ ምን ይደረጋል!

ዓርብ፣ ጥቅምት 16

ከተትኩት፤ ከነስሜ።

ከሰዓት ጓድ ተክሉ አስጠሩኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። መነጽራቸውን አውልቀው አንዴ፣ አድርገው ደግሞ አንዴ አነበቡት።

«ጓዲት አስካለ፣ ይኼን ደብዳቤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ።»

«የፈረመውስ?»

ልዋሽ ነበር። ግን ምን ብዬ? «እርስዎ ነዎት፣ ጓድ።»

ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡት።

«ዓሣውንስ የበላው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሁላችንም፣ ጓድ።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ቀጥሎ ሳቃቸው አመለጣቸው። እንባቸውን ጠርገው፣ ፊታቸውን መልሰው አለቃ አደረጉና «ነገ ጠዋት የማቋረጫውን ደብዳቤ አዘጋጂ» አሉኝ። ስለ ጥፋት አንድም ቃል የለ። ከበሩ ስወጣ ግን «ጥሩ አስበሻል» ሲሉ ሰማሁ። በጆሮዬ!

ብርቄ እስከ መውጫ ሰዓት አኮረፈችኝ። በር ላይ ስንለያይ «እሺ፣ አሁን በሐሙስ ምን ልብላ ነው የምትይኝ?» አለች። ይኼ ከብርቄ ዕርቅ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ደብዳቤውን አሳምሬ መታሁት፦ «ከዛሬ ጀምሮ ለዝዋይ ቅርንጫፍ ግልባጭ መላክም ሆነ መኪና ማሰማራት ቆሟል።» ጓድ ተክሉ ፈረሙ። ማኅተም ተመታ። ሊበተን ሲል ጋሽ ደገፋ አንዱን አንሥቶ አነበበና ግድግዳ ተደግፎ ይስቅ ጀመር።

«አስካልዬ፣ ይኼንንስ ላድርሰው?»

አየሁት። ከታች፣ ጥርት ባለ ፊደል፦ «ግልባጭ፦ ለዝዋይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት።»

እነዚህ ጣቶቼ! ጓድ ተክሉም ፈርመውበታል፣ ሳያዩት! ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ ይዤው ቢሯቸው ገባሁ። ሊቀድዱት ነው ስል ቆም ብለው አሰቡ።

«አባ ሂርጶስ መቆሙን በምን ሊያውቁ ነው? አሮጌው ሰውዬ ደብዳቤ ሲጠብቁ ሊኖሩ ነው?» አሉ። «ሐሙስ ይሂድ፤ ለመጨረሻ ጊዜ። ሲመለስ እሳቸውንም፣ ቁም ሣጥኑንም፣ እዚያ ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን የጽሕፈት መኪናም ይዞ ይምጣ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ቁም ነገር ይዞ ወደ ዝዋይ የሚሄድ የመጀመሪያው ግልባጭ ይኼ ነው። የተመታውም በስሕተት።

ጋሽ ደገፋ ግን ሐሙስን አልጠበቀም። በሰባት ሰዓት በአውቶቡስ ተራ በኩል ሳልፍ መስኮት ዳር ተቀምጦ አየሁት፤ ለእናቱ የገዛትን ነጠላ ጉልበቱ ላይ ይዞ። እጁን አወዛወዘልኝ። ዛሬ ማታ እዚያው ያድራል። አዲሱ ወታደር ወዴት ቢለው፣ የሚመልሰው አያጣም።