ሊፍቱ ቢቆምም እንግሊዝኛችን ተስተካክሏል

ለተከበሩ የሕንፃችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን፣ በተለይም የጉልበትዎን ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ቢሮዎ ምድር ቤት ስለሆነ ጉልበትዎ እንደማያስቸግርዎ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ምርቃት አይጎዳም።

እኔ ላይኛው ፎቅ የሚኖረው የጡረተኛው አውቶቡስ ሾፌር ልጅ ነኝ። ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ አባቴ ከቤት አልወጣም፤ ጉልበቱ ደረጃውን አይችልም። ጓደኞቹ ግቢ ውስጥ ዳማ ሲጫወቱ በመስኮት ቁልቁል እያየ፣ ሲሳሳቱ ብቻውን ይቆጣል። እንግዲህ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ብቻ ይቅረብ የሚለው መመሪያዎ አኩርቶናል። እርስዎም፣ እኔም፣ የሊፍት ጠጋኙም በአንድ ቋንቋ አፍ የፈታን ብንሆንም፣ ሊፍቱ ከውጭ አገር የመጣ ነውና ክብሩ ሊጠበቅለት ይገባል። አባቴ ብቻ «ልጄ፣ ሊፍቱ እንግሊዝኛ ይሰማል እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። አላዋቂነቱን ይቅር ይበሉለት።

፪. «የጥገና ጥያቄ» ለማለት «ሪክዌስት ኦፍ» ብዬ ብጽፍ በቀይ አክብበው መለሱልኝ። ልክ ነዎት፤ የሚባለው «ሪክዌስት ፎር» ነው። አስተካክዬ ባመጣ ደግሞ፣ ከታች «እንዲጠገን እንጠይቃለን» ባልኩበት ቦታ ያንኑ «ፎር» ደግሜው ኖሮ እንደገና ተመለሰ። «ሪክዌስት» ስም ሲሆን እንጂ ግሥ ሲሆን «ፎር» አይፈልግም አሉኝ፤ ይህንንም ተማርኩ። እውነቱን ልንገርዎትና ደክሞኛል። ወረቀቱን ይዤ ደረጃውን ወጥቼ ስገባ አባቴ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ ፊቴን ያይና ወደ መስኮቱ ይመለሳል።

፫. በመጨረሻ እንከን ጠፋለት። እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ፤ ለነዋሪው ሁሉ አርአያ ይሁን ብለውም ማመልከቻዬን ማኅተም አሳርፈውበት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ትናንት ጠጋኙ ዘንድ ብደውል ሊፍቱ መቆሙን የነገረው ሰው የለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኸው ነው። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ አርመውታል፤ ምን እንደሚል ግን አላነበቡትም።

ስላስተማሩኝ ሁሉ እጅ እየነሳሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮትና ከዚያም ከፍ ካለ ፎቅ፣

ትጉህ ተማሪዎ

ማሳሰቢያ፦ አባቴ የልጁን እንከን የለሽ እንግሊዝኛ በዓይኑ ለማየት ጓጉቷል። ሰሌዳው ያለው ግን ታች፣ የቆመው ሊፍት በር አጠገብ ነው። በደረጃው ብቅ ብለው አንድ ቅጂ ቢያደርሱለት ደስ ይለዋል፤ እንግዳ ካየ ቆይቷል።